ቸርኬው ሲያድግ ጎማው ምን ይሁን? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ለዚህ ዕትም ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የስፖርት ሴዳን ላይ ትልቅ ቸርኬ ስለመግጠም ይጠይቃሉ። አምስቱን መርጠናል። ጠያቂዎቻችን በብዛት የጎማውን ቁመት ካሰሉ በኋላ ሥራው ያለቀ ይመስላቸዋል። ከቁመቱ በኋላ የሚመጡት ነገሮች ናቸው ግን ገንዘብ የሚያስወጡት፤ ቸርኬው ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የሚሄድበት ልክ፣ ጎማው የሚሸከመው ክብደት፣ የአየሩ መጠን።

ጥያቄ፦ የ2014 (እ.ኤ.አ.) ቢኤምደብሊው 328አይ አለኝ፤ በኋላ እግሩ የሚነዳው ነው። የፋብሪካ ጎማው 225/50 አር17 ነው። 19 ኢንች የሆነ፣ አራቱም 8.5 ኢንች ስፋት ያላቸው፣ ኢቲ 35 ቸርኬ በጥሩ ዋጋ አግኝቻለሁ። ሻጩ «245/40 አር19 ግጠምበት፣ ይሞላልሃል» ይለኛል። ትክክል ነው?
*አንባቢ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ*

መልስ፦ ቸርኬው ይገባል። ሻጩ የመከሩዎት ጎማ ግን ይቅርብዎ።

መጀመሪያ ቁመቱን እናስላ። የፋብሪካው ጎማ ስፋት 225 ሚሊ ሜትር ነው፤ የጎኑ ከፍታ የዚህ 50 በመቶ ስለሆነ 112.5 ይሆናል። ከላይም ከታችም ስላለ በሁለት ሲባዛ 225 ይመጣል። ቸርኬው 17 ሲባዛ በ25.4፣ 431.8 ነው። ድምሩ 656.8 ሚሊ ሜትር። በተመሳሳይ መንገድ 245/40 አር19 ሲሰላ 678.6 ይወጣል። ልዩነቱ 21.8 ሚሊ ሜትር፣ 3.3 በመቶ ነው። ብዙ ባለሙያዎች 3 በመቶ ላይ ይቆማሉ፤ እኛ ወደ ላይ ሲሆን ከ2 ባያልፍ እንመርጣለን። ምክንያቱም ጎማው በረዘመ ቁጥር የፍጥነት መቁጠሪያው ከእውነተኛው ያነሰ ያሳያል፤ ትክክል የነበረ መቁጠሪያ 60 ማይል ሲል መኪናው 62 እየሄደ ነው ማለት ነው። ከዚህ የሚብሰው ጎማው በዙሪያው 11 ሚሊ ሜትር ወደ መኪናው አካል መጠጋቱ ነው። መሪውን እስከ መጨረሻ አዙረው ጉብታ ሲመቱ የፊቱ ጎማ የፓራፋንጎውን የውስጥ ፕላስቲክ መፋቅ ይጀምራል።

ፋብሪካው ራሱ ለዚህ መኪና በ19 ኢንች የሚሰጠው ከፊት 225/40 አር19 በ8 ኢንች ኢቲ 36 ቸርኬ («ኢቲ» ምን እንደሆነ ከታች እናያለን)፣ ከኋላ 255/35 አር19 በ8.5 ኢንች ኢቲ 47 ቸርኬ ነው። ቁመታቸው 662.6 እና 661.1 ነው፤ ከመጀመሪያው ከ1 በመቶ በታች ነው የሚርቁት።

እርስዎ ያገኙት ቸርኬ አራቱም አንድ ዓይነት ስለሆነ ሁለት ምርጫ አለዎት፤ 225/40 አር19 በአራቱም፣ ወይም 245/35 አር19 በአራቱም። የሁለተኛው ቁመት 654.1 ነው። 225/40 ከ7.5 እስከ 9 ኢንች፣ 245/35 ከ8 እስከ 9.5 ኢንች ቸርኬ ይቀበላል፤ 8.5 ለሁለቱም የተፈቀደ ነው።

አሁን ኦፍሴቱን እንይ። «ኢቲ» የሚባለው ቁጥር ከቸርኬው ስፋት መሀል አንሥቶ ቸርኬው ሞዞው (ቸርኬው በቡሎን የሚታሰርበት የመኪናው ክፍል) ላይ እስከሚለጠፍበት ገጽ ያለው ርቀት ነው። ቁጥሩ ሲያድግ ቸርኬው ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲያንስ ወደ ውጭ ይወጣል። የቸርኬውን የውስጥ ጠርዝ ለማወቅ የስፋቱን ግማሽ ከኢቲው ጋር ይደምሩ፤ የውጩን ለማወቅ ከግማሹ ላይ ኢቲውን ይቀንሱ። የቀድሞው 17 ኢንች 7.5 ስፋት፣ ኢቲ 37 ነው፤ ውስጡ 132.3፣ ውጩ 58.3 ይመጣል። አዲሱ ውስጡ 143፣ ውጩ 73 ነው። ቸርኬው ወደ አሞርዛተሩ ወደ 11 ሚሊ ሜትር ይጠጋል፣ ወደ ውጭ ደግሞ 15 ያህል ይወጣል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ደንግጦ ይመለሳል። ግን የሚነካካው በአብዛኛው የጎማው ሆድ ነው፣ እሱም እንደ ቸርኬው አልሰፋም። 225/50 በ7.5 ኢንች ቸርኬ ላይ ሲነፋ ሆዱ በግምት 238 ሚሊ ሜትር ይሰፋል፤ 225/40 በ8.5 ላይ 235 አካባቢ ነው። ስለዚህ 225/40 ከመረጡ ጎማው ከአሞርዛተሩ እንደ በፊቱ፣ እንዲያውም ትንሽ ራቅ ብሎ ይቀመጣል። ዋጋው ሌላ ቦታ ነው የሚከፈለው፤ የቸርኬው ከንፈር ከጎማው ሆድ ጋር ስለሚስተካከል የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ሲያቆሙ የሚቧጨረው ጎማው ሳይሆን ቸርኬው ነው። 245/35 ሆዱ ወደ 248 ይደርሳል፣ ከንፈሩን ይሸፍናል፤ በአንጻሩ ከቀድሞው ወደ ውጭ 7፣ ወደ ውስጥ 3 ሚሊ ሜትር ይጨምራል። መኪናው ዝቅ ካልተደረገ ይገባል ብለን እንጠብቃለን፤ ዝቅ ተደርጎ ከሆነ 225/40 ይግዙ።

የማይሆነው 255/35ን በእነዚህ ቸርኬዎች ከኋላ መግጠም ነው። ፋብሪካው 255ን ከኋላ የሚሸከመው በኢቲ 47 ነው፤ የእርስዎ 35 ስለሆነ ያው ጎማ 12 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ወጥቶ ሰው ሲጫን ፓራፋንጎውን ይቆርጠዋል፣ ወይም ፓራፋንጎው ጎማውን። በተቃራኒው የፋብሪካን የኋላ ቸርኬ ከፊት ለመግጠም የሚሞክሩም አሉ፤ የውስጥ ጠርዙ 155 ላይ ስለሚደርስ ከ17 ኢንቹ ወደ 23 ሚሊ ሜትር ወደ አሞርዛተሩ ይገባል።

ክብደት። የ225/50 አር17 የተለመደው የጭነት ቁጥር 94 ነው፤ 670 ኪሎ በአንድ ጎማ። 225/40 አር19 ኤክስኤል (ጎኑ የተጠናከረ፣ በከፍተኛ ግፊት የሚነፋ ጎማ) 93፣ ማለትም 650 ኪሎ ነው። 20 ኪሎ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ተራው ጎማ ያንን ሙሉ ክብደት የሚሸከመው በ2.5 ባር (36 ፒኤስአይ)፣ ኤክስኤሉ ደግሞ በ2.9 ባር (42 ፒኤስአይ) ነው። በሩ ላይ ያለው ተለጣፊ ለ17 ኢንቹ 33 ፒኤስአይ ቢል፣ አሮጌው ጎማ በዚያ ግፊት 620 ኪሎ ያህል ይሸከም ነበር። አዲሱን በዚያው 33 ከነፉት ወደ 535 ይወርዳል። የቀድሞውን አቅም ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ወደ 40 ፒኤስአይ ይጠይቃል። የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ለ19 ኢንች የራሱን ግፊት ካስቀመጠ ከዚያ አይውረዱ። ትልቅ ቸርኬ አስገብቶ በድሮው ግፊት መንዳት የጎማውን ጎን በሙቀት ይጨርሰዋል፤ ቸርኬ የሚጣመመውም አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ባለ ለስላሳ ጎማ ጉድጓድ ሲመታ ነው።

የቀረው የመግጠሙ ሥራ ነው። የዚህ መኪና ቀዳዳ 5 በ120 (አምስት ቡሎን፣ 120 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ)፣ የሞዞው መሀል 72.6 ሚሊ ሜትር ነው። ቡሎኑ ኤም14 በ1.25 (14 ሚሊ ሜትር ውፍረት፣ በጥርሶቹ መካከል 1.25 ሚሊ ሜትር)፣ መቀመጫው 60 ዲግሪ ሾጣጣ ነው፤ በእጅ ሲገባ ቢያንስ 9 ሙሉ ዙር መዞር አለበት፣ ከዚያ በታች ከሆነ ረዘም ያለ ይግዙ። በ140 ኒውተን ሜትር (103 ፓውንድ ጫማ) ይጠበቃል፣ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ይፈተሻል። በአየር መፍቻ ብቻ አጥብቆ የሚሰናበት ጎሚስታ ጋር አይግቡ። የአየር መጠቆሚያ ሴንሰሮቹን ወደ አዲሱ ቸርኬ ያዛውሩ፤ ከመስከረም 2007 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ቀላል መኪና ሁሉ ይህ መሣሪያ እንዲኖረው ሕጉ ያዛል። ግፊቱን ካስተካከሉ በኋላ ከመኪናው ሜኑ ውስጥ ሪሴት ያድርጉ።

አንድ ሌላ ነገር፦ መኪናዎ ከፋብሪካ ሲወጣ ራንፍላት ጎማ ተገጥሞለት፣ ስኮርታ ሳይኖረው ሊሆን ይችላል። ራንፍላት አየር ካለቀበት በኋላ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ያህል 80 ኪሎ ሜትር ያደርሳል። ተራ ጎማ ከገዙ ኮምፕረሰርና መድፈኛ ፈሳሽ ሻንጣ ቤት ውስጥ ያስቀምጡ።

ምርጫው የእኛ ቢሆን 18 ላይ እንቆም ነበር። 225/45 አር18 በ8 ኢንች ኢቲ 34 ቸርኬ፣ ቁመቱ 659.7፣ የጎኑ ከፍታ 101 ሚሊ ሜትር ነው፤ በ19ኙ 90 ነው። ጎማውም ይረክሳል፣ የመሪው ጥራት ላይ የሚያጡት ነገር እምብዛም ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ ቸርኬ ካስገባሁ ወዲህ ከ60 እስከ 70 ማይል ባለው ፍጥነት መሪው ይንቀጠቀጣል። ሦስት ጊዜ ባላንስ አስደረግሁ፣ አልተወኝም።
*አንባቢ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ*

መልስ፦ የመኪናዎን ዓይነት አልነገሩንም፤ ምልክቱ ግን በብዛት የመሀል ቀዳዳ ጉዳይ ነው። ከፋብሪካ ውጭ የሚሠሩ ቸርኬዎች ብዙ መኪና እንዲገቡ መሀላቸው ሰፋ ተደርጎ ይበሳል። ሞዞው 72.6 ሆኖ ቸርኬው 74.1 ከሆነ፣ ቸርኬው መሀሉን የሚያገኘው በቡሎኖቹ ብቻ ነው፤ ትንሽ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ይንቀጠቀጣል። የባላንስ ማሽኑ ቸርኬውን በራሱ ሾጣጣ መሀል ላይ ስለሚይዘው ይህን አያየውም፣ ስለዚህ ሦስት ጊዜም ሠላሳ ጊዜም «ደህና ነው» ይላል። መፍትሔው ልዩነቱን የሚሞላ ቀለበት ነው፤ ዋጋው ትንሽ ነው። ሞዞውን በካሊፐር ለክተው፣ የቸርኬውን ከጀርባው አንብበው ይግዙ። ከመግጠምዎ በፊት የሞዞውን ዝገት በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ፤ ዝገቱ ራሱ ቸርኬውን ያዘነብለዋል። ቡሎኖቹን በኮከብ ቅርጽ እያቀያየሩ፣ መኪናው ገና በክሪክ ላይ እያለ በእጅ ያስገቧቸው።

ቀለበቱ ገብቶም ካልተወ የተጣመመ ቸርኬ ወይም መጠኑ የማይመጥን ቀዳዳ ይፈልጉ። 5 በ112 እና 5 በ114.3 በዓይን አይለዩም፤ በግድ ገብተው የሚጠብቁ አሉ፤ ቡሎኑ ግን አንግል ይዞ ስለሚቀመጥ ይፈታል። ይህ ከሆነ ቸርኬውን መልሱ ከማለት ሌላ ምክር የለንም።

ጥያቄ፦ የ2016 ሱባሩ ደብሊውአርኤክስ አለኝ፣ በ235/45 አር17። ወደ 245/40 አር18 መለወጥ እፈልጋለሁ። ገንዘቡ አሁን ስለማይበቃኝ የፊቶቹን በዚህ ወር፣ የኋላዎቹን በሚቀጥለው ላስገባ?
*አንባቢ፣ ከዴንቨር፣ ኮሎራዶ*

መልስ፦ መጠኑ ጥሩ ነው፤ 8.5 ኢንች ኢቲ 55 ቸርኬ ላይ ለዚህ መኪና የተለመደ ነው። ሁለት ሁለት አድርገው ማስገባቱን ግን አይሞክሩት። የ17ቱ ቁመት 643.3፣ የ18ቱ 653.2 ነው። በዙሪያ ሲለካ የ31 ሚሊ ሜትር ልዩነት ነው፤ ሱባሩ በአራቱ ጎማዎች መካከል የሚፈቅደው የዙሪያ ልዩነት ሩብ ኢንች፣ 6.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። መኪናው በአራቱም እግሩ ስለሚነዳ፣ ከፊትና ከኋላ የሚዞሩት እግሮች ፍጥነት ሳይገጥም ሲቀር ልዩነቱን ቀን ሙሉ የሚውጠው የመሀል ዲፈረንሻሉ ነው። እሱ ደግሞ ለመታጠፊያ ያህል እንጂ ለረጅም መንገድ አልተሠራም፤ ይግላል፣ ዘይቱ ይቃጠላል፣ በመጨረሻ ይያያዛል። የዚያ ጥገና ዋጋ ሁለት ጎማ አይደለም አራትም ይገዛል። አንድ ወር ይታገሡ።

ሩብ ኢንቹ ሌላ ጊዜም ይያዝዎታል። በጎማው ጥርስ ሲተረጎም 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። አንዱ ጎማ ቢቀደድና ሌሎቹ ግማሽ ካለቁ፣ አዲስ አንድ ብቻ መግዛት አይቻልም። አሜሪካ ውስጥ አዲሱን ጎማ በማሽን ልጠው ከሌሎቹ ጋር የሚያስተካክሉ ሻጮች አሉ፤ ሲያዝዙ የቀሩትን ጥርስ በትክክል ለክተው ይንገሯቸው።

ያገለገለ ቸርኬ ሲፈልጉም የዓመቱን ነገር ልብ ይበሉ። እስከ 2014 የተሠሩት ደብሊውአርኤክሶች ቀዳዳቸው 5 በ100፣ ከ2015 ጀምሮ ያሉት 5 በ114.3 ነው። የሞዞው መሀል በሁለቱም 56.1 ነው።

ጥያቄ፦ ቢኤምደብሊው 320አይ (ኢ90 የሚባለው የቀድሞው ትውልድ)፣ በ205/55 አር16 ነው የምነዳው። 18 ወይም 19 ባስገባ አዲስ አበባ ላይ ምን ይገጥመኛል? ያገለገለ ጎማስ ስገዛ ምን ልይ?
*አንባቢ፣ ከቦሌ*

መልስ፦ የ16ቱ የጎን ከፍታ 113 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በ225/40 አር18 90 ይሆናል፣ በ225/35 አር19 ወደ 79 ይወርዳል። ቁመታቸው ከ632 እስከ 640 ስለሆነ በስሌት ሁሉም «ይገባሉ»። ችግሩ መንገዱ ላይ ነው። ኮብልስቶን፣ ያልተቀባ ስፒድ ብሬከር፣ ክዳኑ የጎደለ ማንሆል፤ በእነዚህ ላይ 79 ሚሊ ሜትር ጎማ ከቸርኬው ጋር ተጨፍልቆ ገመዱ ይበጠሳል፣ ከቀናት በኋላ ጎኑ ላይ እብጠት ይወጣል። ያበጠ ጎን አይጠገንም። ከውስጥ መለጠፍም፣ ከነመዳሪ መክተትም መፍትሔ አይደለም፤ በአጭር ጎን ውስጥ ከነመዳሪው እየተፋተገ ይግልና በፍጥነት ላይ ይፈነዳል። የተጣመመ አልሙኒየም ቸርኬ በመዶሻ ከተመታ ደግሞ ስንጥቅ ይጀምራል፤ በብየዳ የተደፈነ ቸርኬ አንገዛም፣ እርስዎም አይግዙ።

ለአዲስ አበባ 225/45 አር17 ይበቃል። ቁመቱ 634.3፣ ጎኑ 101 ነው፤ ፋብሪካው ለዚያ መኪና ከሚሰጣቸው ልኮች አንዱ ነው። ቸርኬው 8 ኢንች ኢቲ 34 ይሁን። የሞዞው መሀል 72.6 ነው፤ ቡሎኑ ግን ኤም12 በ1.5 ሆኖ በ120 ኒውተን ሜትር ነው የሚጠበቀው። ለአዲሱ 3 ሲሪየስ የተሠራ ቡሎን አይገባም።

ያገለገለ ጎማ ላይ ከጎኑ «ዶት» ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት አኃዞች ያንብቡ። 3018 ከሆነ በ30ኛው ሳምንት፣ በ2018 ተሠርቷል ማለት ነው። ዓመቱ የፈረንጅ ነው! በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2010 ላይ የወጣ ጎማ ነው፤ «የ2018 ጎማ ነው፣ ዘንድሮ የገባ» ብሎ የሚሸጥልዎ ሰው ወይ አላወቀም፣ ወይ እያወቀ ነው። ከስድስት ዓመት ያለፈውን ጥርሱ ቢሞላም ይተዉት። ጣትዎን ከውስጥ በጎኑ ዙሪያ ያሳልፉ፤ የተሸበሸበ ወይም የዱቄት ያህል የጎማ ብናኝ ካለ አየር ሳይኖረው ተነድቷል። ከፊትና ከኋላ ልዩ ልዩ ጎማ ከመግጠም አራት አንድ ዓይነት ርካሽ ይሻላል።

ጥያቄ፦ ጀርመን ነው የምኖረው። ሜርሴዲስ ሲ ክላስ (ደብሊው204) ላይ ከፋብሪካ ውጭ የሆነ 18 ኢንች ልገጥም ነው። ቲዩቭ (የመኪና ቴክኒክ ምርመራው) ያሳልፈኝ ይሆን?
*አንባቢ፣ ከፍራንክፈርት*

መልስ፦ ከመግዛትዎ በፊት የቸርኬውን ወረቀት ይጠይቁ። «አ ቤ ኤ» (ለቸርኬው የተሰጠ አጠቃላይ ፈቃድ) ካለውና የእርስዎ መኪና ከነጎማው ልክ በዝርዝሩ ውስጥ ከሰፈረ፣ በግርጌ ያሉትን የቁጥር ማሳሰቢያዎች ማሟላት ይበቃል፤ ወረቀቱን መኪናው ውስጥ ያስቀምጡ። «ታይልጉታኽተን» (የዕቃው የባለሙያ ምርመራ ሪፖርት) ብቻ ከሆነ ግን ከተገጠመ በኋላ ወዲያው ቀርበው ማስመዝገብ ግዴታ ነው፤ ካላስመዘገቡ የመኪናው የመንቀሳቀስ ፈቃድ ይወድቃል፣ ኢንሹራንሱም ሊከራከርዎ ይችላል። ወረቀት የሌለው ቸርኬ ምንም ያህል ቢረክስ አይግዙ።

በመኪናው መታወቂያ ላይ የሚያዩት የጎማ ልክ አንድ ብቻ መሆኑ አያስደንግጥዎ፤ ሌሎቹ የተፈቀዱት በ«ሲ ኦ ሲ» ወረቀቱ (የአምራቹ የተስማሚነት ማረጋገጫ) ውስጥ ናቸው። ለዚህ መኪና ፋብሪካው በ18 ኢንች የሚሰጠው ከፊት 225/40፣ ከኋላ 255/35 ነው። ከመታወቂያው 8.1 እና 8.2 ላይ የእያንዳንዱ አክስል ከፍተኛ ጭነት አለ፤ በሁለት ሲካፈል የሚመጣውን ቸርኬውም ጎማውም መሸከም አለባቸው። አክስሉ 1,100 ኪሎ ከሆነ 550 ማለት ነው፣ የጎማው ቁጥር ቢያንስ 88 (560 ኪሎ) ይሁን።

የሜርሴዲስ ቡሎን መቀመጫው ክብ ነው፤ ከፋብሪካ ውጭ ያሉት ቸርኬዎች አብዛኞቹ ሾጣጣ ይፈልጋሉ። የድሮውን ቡሎን በአዲሱ ቸርኬ ላይ ከተጠቀሙ የሚነካው ቀጭን መስመር ብቻ ስለሆነ ቢያጠብቁትም ይላላል። ከቸርኬው ጋር የሚመጣውን ይጠቀሙ፣ አሮጌዎቹን ለክረምት ጎማዎ ያስቀምጧቸው። የመሀል ቀዳዳውም 66.6 ነው፤ 57.1 የሆነ የቮልስዋገን ቸርኬ በ5 በ112 ቢመሳሰልም ሞዞው ላይ አይገባም። ቀዳዳውን በማሽን የሚያሰፉልዎ ቤቶች አሉ፤ ከሰፋ በኋላ ግን የቸርኬው ወረቀት ዋጋ የለውም።